ጡብ አቃጣዩ የራሱን ጭስ ያየ ዕለት

አንድ ጡብ አቃጣይ ነበረ፤ አሉ የኔታ ክንፈ።

ይህን የተናገሩት ደምለው ለሚባል ባለሱቅ ነው። የሰፈሩ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ እየወጣ ወንዙን ማጽዳት ጀምሮ ነበር። ደምለውንም ጠርተውታል። እሱ ግን ልቡ እሺ አላለውም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የኔታን ደጀ ሰላሙ ላይ አገኛቸውና፣ «የኔታ፣ ከላይ ያለው ሁሉ ቆሻሻውን እየለቀቀ፣ እኔ አንዱ ሰው ብወጣ ባልወጣ ለወንዙ ምኑ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። የኔታ ከአጠገባቸው እንዲቀመጥ በእጃቸው አመለከቱትና ይህን ነገሩት።

ጡብ አቃጣዩ የሚኖርባት ከተማ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ያረፈች ነበረች። ከእሷ የወጣ ጭስ ርቆ አይሄድም። ትንሽ ከፍ ይልና ተመልሶ እሷው ላይ ይተኛል። ሰውየው እቶኑን ከአባቱ ወርሶ እዚያው ከተማው ዳር ይሠራ ነበር። ጡቡ የታወቀ ነው፤ በጣት ሲመቱት እንደ ደወል ይጮኻል። የከተማዋ እኩሌታ ግድግዳ ከእሱ እቶን የወጣ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ክፉ ሰውም አልነበረም። የሠራተኞቹን ደመወዝ ከቀኑ አያሳልፍም፤ ለቅሶ ቤት ቀድሞ ይደርሳል፤ ጎረቤት ሲጣላ አስታራቂው እሱ ነው።

በዚያች ከተማ ጭስ የሌለበት ደጃፍ አልነበረም። ሴቶች ጠዋት ግቢያቸውን ይጠርጉና ጥራጊውን በራቸው ላይ ያቃጥላሉ። ዳቦ ቤቱ በግንድ ይጋግራል። ጎማ የሚገዙት ሰዎች አሮጌ ጎማ አንድደው ከውስጡ ሽቦውን ያወጣሉ። ያረጁ መኪናዎች ጥቁር ጭስ እየተፉ ዳገቱን ይወጣሉ። ነጭ ልብስ ያሰጣች ሴት አመድማ ልብስ ታስገባለች። የትምህርት ቤት ልጆች ሰማይ ሳሉ ሲባሉ የቀለሙን ሣጥን ትተው እርሳስ ያነሣሉ፤ እነሱ የሚያውቁት ሰማይ መልኩ እንደ እርሳስ ነዋ። በዚህ የሚገረም አልነበረም። ሰው ሲወለድ ያገኘውን ነገር ሁሉ ከጥንትም እንዲሁ የተፈጠረ ይመስለዋል።

እያደር ግን የልጆቹ ሳል በዛ። ጤና ጣቢያው በር ላይ እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው የሚሰለፉት ሰልፍ መንገዱን ተሻገረ። በዚህ ጊዜ የከተማው ሹማምንት ዘመቻ አወጁ፤ ከእሑድ እስከ እሑድ ማንም ሰው ምንም ነገር እንዳያቃጥል፣ መኪናም ለግድ ካልሆነ እንዳይነዳ። ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና በየሰፈሩ ዞረ። አደባባዩ ላይ ሙዚቃ ተመታ፤ ንግግር ተደረገ፤ ለሰዉ ሁሉ አንድ ዓይነት ቲሸርት ታደለ። ጡብ አቃጣዩም ከሕዝቡ ጋር ወጥቶ ቲሸርቱን ለበሰ፤ እስኪደክመው አጨበጨበ። ከዚያ ወደ ቤቱ ተመለሰና ያንኑ ቲሸርት እንደለበሰ እሳቱ ላይ ግንድ ጨመረ። የአደባባዩ ሰው ሁሉ ያደረገው ይህንኑ ነው። ሰማዩም እንደነበረ ዋለ።

በጤና ጣቢያው የምትሠራ አንዲት ነርስ ነበረች። ሰዉ ሁሉ «ሲስተር» ነው የሚላት። ይህች ሴት ዘመቻው እንዲህ ሆኖ መቅረቱ አንገበገባት። በሌላ ቀን እንደገና ይሞከር ብላ ሹማምንቱን ለመነችና እንደ መጀመሪያው ከእሑድ እስከ እሑድ የሚሆን ቀን አስቆረጠች። ከዚያ ድምፅ ማጉያውን ተወችው። ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡትን እናቶች ግን አንድ በአንድ ታነጋግር ጀመር። ለእያንዳንዷ የምትሰጣት ሥራ ትንሽ ነው፤ የራስሽን ቅያስ ብቻ ያዢ፣ ሌላ ሰፈር አትሂጂ፣ የምታውቂውን ሰው በስሙ ጠርተሽ ለምኚ ትላታለች። እናቶቹም እንዳለቻቸው አደረጉ። በሩን የዘጋባቸው ሰው ቢኖር በማግስቱ ተመልሰው ያንኳኳሉ። ያለ እንጨት ማብሰል የማትችል ድኻ ስትገኝ ቡታጋዝ ካላት ጎረቤት ጋር ያስማሟታል፤ ለሳምንቱ በአንድ ድስት ለሁለት ቤት እንዲሠራ። ጥራጊው በጆንያ እየታሰረ ከከተማ ውጭ ወደ ተቆፈረው ጉድጓድ እንዲወሰድ ተስማሙ። ዳቦ ጋጋሪው ራሱ ልጁን ይዞ ከተሰለፉት አንዱ ነበርና፣ ለሳምንቱ የሚሆን ድርቆሽ ዳቦ አስቀድሞ ጋግሮ ሊያስቀምጥ ቃል ገባ።

ወደ ጡብ አቃጣዩ ግን የሚደፍር ጠፋ። ትልቅ ሰው ነው ብለው ፈሩት። ስለዚህ ሲስተር ራሷ ሄደች።

በአክብሮት ተቀበላት። የምትለውን እስክትጨርስ ሰማትና፣ በልቡ ሲብላላ የኖረውን ጥያቄ አወጣው።

«ሲስተር፣ እውነቱን ንገሪኝ። እኔ እቶኔን ባጠፋ ሰማዩ ይጠራል?»

«አላውቅም፣ ጋሼ» አለችው።

ይህን መልስ አልጠበቀም። አዎ ብትለው የሚከራከርበት ነገር አዘጋጅቶ ነበር።

«አንዴ ከወጣ በኋላ የማን ጭስ እንደሆነ ማን ይለየዋል?» አለች ቀጥላ። «የእርስዎ ይኼ ነው ብዬ ላሳይዎ አልችልም። እኔ ጋ ሲደርስ፣ ልጆቹ ደረት ውስጥ፣ ሁሉም አንድ ሆኖ ነው የማገኘው።»

ሰውየው አስብበታለሁ አላት። እሷም አመስግናው ወጣች፤ አልተጫነችውም።

ማሰብስ አሰበበት። ያን ጊዜ በዕድሜው ደርድሮት የማያውቀውን ያህል ጡብ እቶኑ ውስጥ ደርድሮ ነበር። ሠራተኞቹ በጋውን ሙሉ ጭቃ ሲረግጡ፣ ጡብ ሲመቱ፣ ፀሐይ ላይ ሲያደርቁ የከረሙት ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። እሳቱን ቶሎ ቢያስነሣው ከእሑድ በፊት በስሎ ያልቅለታል፤ እምቢ አለ እንዳይባልም ይሆንለታል። እንዲህ ብሎ ለኮሰው። ነገር ግን ግንዱ ዝናብ መትቶት ኖሮ እሳቱ አልፈጥን አለ። ቅዳሜ ሲመሽ ጡቡ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነበር። የሠራተኞቹ አለቃ ገና ጥቂት ቀናት ይፈልጋል ብሎ ነገረው። ጡብ አቃጣዩም በልቡ፣ በዚህ ሁሉ ጭስ መሀል የእኔ አንዱ አይታወቅም፤ ደግሞስ ሌላው ሰው መቼ ያጠፋና ነው አለና እሳቱ እንዲቀጥል አዘዘ።

እሑድ ጠዋት እንደ ልማዱ የጭሱን ቀዳዳዎች ለማየት እቶኑ አናት ላይ ወጣ። ከዚያ ሆኖ ሲያዩት ከተማው በሙሉ ከሥር ተዘርግቶ ይታያል። ሁልጊዜ የሚያየው ሽቅብ የቆመ የጭስ ጫካ ነበር፤ ቀጭኑም ወፍራሙም፣ ነጩም ጥቁሩም እንደ ባሕር ዛፍ ተደርድሮ። ዛሬ ግን ዓይኑ የሚያርፍበት አጣ። የዳቦ ቤቱን ጭስ ማውጫ ፈለገና አገኘው፤ ባዶውን ቆሟል። የጎማ ሰዎቹን ግቢ አየ፤ የጠቆረው መሬት ብቻ ነው። በየቅያሱ ሴቶች ጥራጊ የታሰረበትን ጆንያ ለሁለት እየያዙ ይሄዳሉ። ዳገቱ ላይ አንድም መኪና የለም፤ ሰዉ ነጭ ነጩን ለብሶ በእግሩ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወጣል።

መጀመሪያ የመጣበት ሐሳብ አንድ ክፉ ነገር ደርሶ ይሆናል የሚል ነበር። ትልቅ ሰው ሞቶ ወይም የጦር አዋጅ ወጥቶ። ቆይቶ ነው የገባው። ያ ሁሉ ቤት፣ ያ ሁሉ ደጃፍ፣ ስሙን እንኳ የማያውቀው ሰው ሁሉ፣ ማንም ዱላ ይዞ ሳይቆምበት፣ አንዱ ሌላውን ሳያይ፣ በየቤቱ በገዛ እጁ እሳቱን አጥፍቷል። የሰው ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ማድረግ ይችላል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር። ከንጉሥ ፊት የቀረበ ይመስል ባርኔጣውን አወለቀ።

ያን ጊዜ ጣራዎቹ ላይ ጥላ ሲሄድ አየ። የደመና ጥላ መስሎት ቀና አለ። ደመና አልነበረም። ከእግሩ ሥር የሚወጣ ቡናማ ጭስ ነው፤ እንደ ግንድ ወፍሮ ይነሣል፣ ከፍ ሲል ይጎብጣል፣ ከዚያ ይዘረጋል። ቤተ ክርስቲያኑን አልፎ፣ ገበያውን አልፎ፣ ጤና ጣቢያው ላይ ደርሷል። ሰውየው ዕድሜውን ሁሉ ጭስ ሲያወጣ ኖሮ የራሱን ጭስ ያየው በዚያ ዕለት ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ የሌላው ሰው ጭስ ሸፍኖለት ነበር።

ከታች አንዲት ሴት ልጅ አዝላ ታልፋለች። ጥላው ሲደርስባት እጇን ወደ ኋላ ሰድዳ በነጠላዋ ጫፍ የልጁን ፊት ሸፈነችለትና መንገዷን ቀጠለች። ወደ እቶኑ ዞር ብላ እንኳ አላየችም። ብትራገመው ይሻለው ነበር።

ወረደና የሠራተኞቹን አለቃ ጠራው። እሳቱ ይውጣ፣ የእቶኑም አፎች በጭቃ ይደፈኑ አለው። አለቃው የተሳሳተ ነገር የሰማ መስሎት ቆመ።

«ጋሼ፣ አሁን ከጠፋ እኮ አለቀ» አለው። «ከላይ ጡብ፣ ከውስጥ ጭቃ ሆኖ ይቀራል። ይኼ ሁሉ ልፋት…»

«አውቃለሁ» አለ ጡብ አቃጣዩ።

መቆስቆሻውን ብረት ራሱ አነሣና የመጀመሪያውን የጋመ ግንድ ጎትቶ አወጣ፤ አፈር መለሰበት። ሠራተኞቹ ጥቂት ጊዜ ፈዘው አዩት። ከዚያ አለቃው አካፋ አነሣ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። አፎቹን አንድ በአንድ በጭቃ ደፈኑ። እኩለ ቀን ሲሆን የመጨረሻው ጭስ እንደ ክር ቀጥኖ ተበጠሰ። ሰውየው ላቡና አመዱ አንድ ላይ ተለውሶበት መሬት ላይ ተቀመጠ። ኩራት አልተሰማውም። ሚስቱ ምሳ ይዛ መጣች፤ የተደፈነውን እቶን አየችና የሆነው ገባት። ምሳውን አስቀመጠችና ተመለሰች።

ከዚያስ ምን ሆነ? ምንም አልሆነም። ሰኞ ሰማዩ እንደነበረ ነው። ማክሰኞም እንዲሁ። ሰዉ ያጉረመርም ጀመር። ድርቆሹ ሰለቸው፤ እግሩ ደከመው። ጡብ አቃጣዩ ከእቶኑ አንድ ጡብ አውጥቶ በጣቱ ቢጫነው በእጁ ላይ ፈረሰ። ሚስቱ አኩርፋዋለች። በዚህ መሀል ከጎማ ሰዎቹ አንዱ መጣና፣ ይኼ ነገር ከንቱ ነው፤ አንተ ከጀመርክ እኛም እንጀምር፤ ምን ትላለህ ሲል ጠየቀው። ጡብ አቃጣዩ ያን ፈርሶ የቀረ ጡብ ከእጁ አራገፈና፣ ሰማዩ ይጠራ እንደሆነ አላውቅም፤ ግን እስከ እሑድ ብለናልና እስከ እሑድ እንሁን ብሎ መለሰለት። ሰውየው አልተደሰተም፤ ቢሆንም ሄዶ እንደተባለው አደረገ።

ሐሙስ ከሰዓት ከባድ ዝናብ ጣለ። ከኋላው ነፋስ ተከተለ።

ዓርብ ጠዋት ጡብ አቃጣዩ ገና ፊቱን እየታጠበ ሳለ ሚስቱ ከጓሮ ጠራችው። እሳቱ ከጠፋ ወዲህ ስታናግረው የመጀመሪያዋ ነው።

«ና እስቲ» አለችው፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር። «ይኼ ምንድን ነው?»

ፊቱን ሳያደርቅ ወጣ። እሷ የምታሰጣውን ልብስ በእጇ እንደያዘች ወደ ሰሜን ቆማለች። እሱም ወደዚያው አየ።

ተራራ ነበር። ሩቅ ከአድማስ ላይ የሚታይ ትንሽ ነገር አይደለም፤ እዚያው ከጣራዎቹ በላይ፣ ጫፉን ለማየት አንገት ወደ ኋላ እስኪጣል ድረስ። ጥቁር ሰማያዊ ነው። ሸንተረሩ እንደ ካባ እጥፋት ይወርዳል፤ እጥፋቶቹ ውስጥ ደን አለ፤ ከደኑ መሀል ከፍ ካለ ገደል አንድ ነጭ ውሃ ይወድቃል፤ ከርቀቱ የተነሣ ድምፅ የለውም። ከተማው ገና ጥላ ውስጥ ሳለ አናቱ ላይ ፀሐይ ወጥቶበታል። ሰውየው ደመና ነው ብሎ እስኪንቀሳቀስ ጠበቀ። አልተንቀሳቀሰም። የጓሮውን አጥር ያዘ። በዚያ ግቢ ተወልዷል፤ በዚያ ግቢ አርጅቷል፤ ይህን ያህል ነገር ከራሱ በላይ ቆሞ ሲያየው እንደኖረ አላወቀም።

ከተማው ጸጥ አለ። ሰዉ በየደጁ ወጣ፤ የሚሄደው ቆመ፤ የተቀመጠው ተነሣ። ቅዳሴ ላይ እንዳለ ሰው ነጠላውን ያስተካከለ ብዙ ነበር። ልጆቹ ብቻ ናቸው የጠየቁት፤ ማን አመጣው እያሉ። አንዲት በጣም ያረጁ ሴት በልጅ ልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ወጡ፤ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ብዙ አዩትና፣ «ገና አለህ እንዴ?» አሉት፤ ሞተ የተባለ ወንድም እንደሚጠየቅ። ያን ጊዜ ነው ሰዉ ያስተዋለው። በዚያች ከተማ የሰሜኑ ሰፈር ስሙ «ተራራ ሥር» ነው። ስሙን እየጠሩ ይኖራሉ፤ ለምን እንዲህ ተባለ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ሲስተር ጤና ጣቢያው በር ላይ ከልጆቹ ጋር ቆማ ነበር። መርፌ የሚወጉትም የሚወጋቸውም ውጭ ነው የዋሉት።

ከሰዓት በኋላ ሰዉ አፉ ተፈታ። ዳቦ ጋጋሪው ተራራው የወጣው ምድጃዬን ስላጠፋሁ ነው አለ። የጎማ ሰዎቹ የለም የእኛ ነው አሉ። አንዲት ሴት ደግሞ የደጃፏን ጥራጊ ማቃጠል በተወች በስድስተኛው ቀን መታየቱን በጣቷ ቆጥራ አስረዳች። ጡብ አቃጣዩ እዚያው ነበር። የእኔ ከሁላችሁም ይበልጣል ሊል አፉን ከፈተ፤ ግን ጭሱ ጣራዎቹ ላይ ሲተኛ ያየበት ጠዋት ትዝ አለውና መልሶ ገጠመው። የመጨረሻው መጋረጃ የማን እንደነበረ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ሁሉም የእኔ ነው ይላል፤ ሁሉም እውነቱን ነው።

ሳምንቱ ሲያልቅ ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሽህም። ሰኞ ዕለት እሳቱን የለኮሰ ሰው ነበረ። የተራራው እግር ደበዘዘ። ያን ጊዜ ግን ድምፅ ማጉያ አላስፈለገም። ጎረቤት የጎረቤቱን በር እያንኳኳ፣ «ወንድሜ፣ ተራራውን እኮ ሸፈንክብን» ይለው ጀመር። የሚያቃጥለው ሰው ወጥቶ ያያል፤ ያፍራል፤ ውሃ ይቸልስበታል። የጡብ አቃጣዩን ኪሳራ የከፈለለት ሰው የለም። የፈረሰውን ጡብ ከእቶኑ አውጥቶ ለመጣል ብዙ ጊዜ ፈጀበት። ከዚያ ጭስ የማያበዛ ሌላ ዓይነት እቶን እንደ ጀማሪ እየወደቀ እየተነሣ ሠራ። ከዚያኛው የሚወጣው ጡብ እንደ ድሮው አልቀላለትም፤ በዚያም ኖረ። ጠዋት ጠዋት ግን ሥራ ሳይጀምር በፊት ጓሮው ይወጣና ወደ ላይ ያያል። እስኪሞት ድረስ አልለመደውም።

የኔታ ይህን ብለው ወደ ደምለው ዞሩ።

«ልጄ፣ አንተም ሰው ሁሉ እየጣለ የእኔ አንዱ ምን ይሆናል አልከኝ። ያ ሰው እቶኑ አናት ላይ ሳይወጣ በፊት ያለው ይህንኑ ነው። ያንተንም ቆሻሻ የሌላው ሰው ቆሻሻ ሸፍኖልሃል፤ ለዚህ ነው የማታየው። ወጥተህ ብታጸዳ ወንዙ ይጠራል ወይ ብትለኝ፣ አላውቅም። ሲስተርም አላወቀችም። ግን አንድ ነገር ልብ በል። ያን ተራራ ዘመቻው አልሠራውም። ልጆቹ በእርሳስ ሰማይ ሲስሉ እሱ ከራሳቸው በላይ ቆሞ ነበር። እኔም አንተም እዚህ ሰፈር ኖርን እንጂ ይህን ወንዝ አይተነው አናውቅም፤ ያየነው የጣልንበትን ነው። ከሥሩ እግዚአብሔር ምን እንዳኖረ እንጃ።»

ከዚያ መቋሚያቸውን ሳቡ።

«ሳልሞት ባየው ደስ ይለኛል። ቅዳሜ ስትወርድ በእኔ በኩል እለፍ፤ ቁልቁለቱን ብቻዬን አልችለውም።»